ቻርልስ ኬተሪንግና ነገርን ከሥሩ የመመርመር ሙያ

ቁልፍ ሲዞር የመኪና ሞተር መነሣቱ ዛሬ ማንንም አያስደንቅም። ይህ የዕለት ተዕለት ድርጊት እንዲቻል ካደረጉት ሰዎች መካከል ቀዳሚውን ስፍራ የያዘው አሜሪካዊው የኤሌክትሪክ መሐንዲስ ቻርልስ ፍራንክሊን ኬተሪንግ ነው። ስሙ በሙያው ዓለም የሚነሣውም በአብዛኛው ከዚሁ ከኤሌክትሪክ ማስነሻው፣ በጋራዥ ቋንቋ ሞተሪኖ ከሚባለው መሣሪያ ጋር ነው። ይሁን እንጂ ሕይወቱን በቅርብ ለሚመለከት መሐንዲስ፣ ከሠራቸው ዕቃዎች ይልቅ የሠራበት ዘዴ የበለጠ ትምህርት ይሰጣል። ኬተሪንግ ከሁሉ አስቀድሞ የብልሽት መርማሪ ነበር። ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ የሚለውን የአባቶች ብሂል ሳይሰማው በሥራ ላይ ያዋለ ሰው ነበር ቢባል ማጋነን አይሆንም። የሕይወቱ ታላቅ ድልና የሕይወቱ ታላቅ ስሕተት የተገኙትም ከዚሁ የምርመራ ሙያ ነው። አንዱን ጥያቄ እስከ ሥሩ ተከተለ፤ ከዚያው ጥያቄ የተወለደውን ሁለተኛ ጥያቄ ግን መንገድ ላይ ተወው።

ልደትና ትምህርት

ኬተሪንግ ኦገስት 29 ቀን 1876 (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) በአሜሪካ በኦሃዮ ግዛት፣ ሉደንቪል ከምትባል ትንሽ ከተማ አጠገብ በሚገኝ እርሻ ላይ ተወለደ። ለወላጆቹ ከአምስት ልጆች አራተኛው ነበር። ከልጅነቱ ጀምሮ ዓይኑ ደካማ ስለ ነበረ ረጅም ሰዓት ማንበብ ብርቱ ራስ ምታት ያስከትልበት ነበር። ቢሆንም ለትምህርት ያለው ፍቅር አልቀነሰም። መደበኛ ትምህርቱን እንደ ጨረሰ በገጠር ትምህርት ቤት በመምህርነት አገልግሎ፣ ቆየት ብሎ ወደ ኦሃዮ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ገባ።

የዓይኑ ሕመም ግን እንደ ገና ስለ ጠናበት ትምህርቱን ለማቋረጥ ተገደደ። በዚህ ጊዜ የስልክ መሥመር ከሚዘረጉ ሠራተኞች ጋር ተሰማርቶ የቡድኑ አለቃ ለመሆን በቃ። ሥራው በሜዳ ላይ የሚከናወን በመሆኑ ለዓይኑ ዕረፍት ሰጠው፤ ለአእምሮውም ጥሩ ትምህርት ቤት ሆነለት። የተቋረጠ የስልክ መሥመር በመገመት አይጠገንም፤ ከአንደኛው ጫፍ ተነሥቶ ምሰሶ በምሰሶ እየፈተሹ፣ እስከዚህ ድረስ ደኅና ነው፣ ከዚህ ወዲያ ግን የለም እያሉ መሄድን ይጠይቃል። ኬተሪንግ ጤናው ሲሻለው ወደ ዩኒቨርሲቲው ተመልሶ በ1904 በኤሌክትሪክ ምሕንድስና ሲመረቅ ዕድሜው ሃያ ስምንት ሊሞላ ጥቂት ቀርቶት ነበር። ከጓደኞቹ ዘግይቶ ቢመረቅም፣ ብዙዎቹ ያላገኙትን የእጅ ልምድ ይዞ ወጣ።

የገንዘብ መመዝገቢያው ትምህርት

በዚያው ዓመት ዴይተን በተባለችው የኦሃዮ ከተማ በሚገኘው ናሽናል ካሽ ሬጂስተር ኩባንያ ተቀጠረ። በዚያን ዘመን የሽያጭ ገንዘብ መመዝገቢያ መሣሪያ ይሠራ የነበረው በእጅ ጉልበት ነበር። ኩባንያው መሣሪያውን በኤሌክትሪክ ለማንቀሳቀስ ቢፈልግም፣ አስፈላጊውን ጉልበት ያለማቋረጥ ሊሰጥ የሚችል ሞተር በጠረጴዛ ላይ ለሚቀመጥ ዕቃ እጅግ ትልቅ ሆኖ ተገኘ። ኬተሪንግ ጥያቄውን ለወጠው። ሞተሩ ምን ያህል ጉልበት ይስጥ ከማለት ይልቅ፣ ይህን ጉልበት ለምን ያህል ጊዜ ይስጥ ብሎ ጠየቀ። መሣሪያው የሚሠራው ለአንድ አፍታ ብቻ ነው፤ ከዚያ በኋላ ረጅም ዕረፍት አለው። ስለዚህ ትንሽ ሞተር ለአጭር ጊዜ ከተለመደው በላይ ጅረት ቢወስድ ሙቀቱ ጉዳት ላይ ከመድረሱ በፊት ሥራው ያልቃል። በዚህ አስተሳሰብ የተሠራው ሞተር ተሳካ፤ ኬተሪንግም በኩባንያው ውስጥ ስም አተረፈ።

በ1905 ኦሊቭ ዊሊያምስን አገባ፤ በ1908ም ዩጂን የተባለ ልጃቸው ተወለደ። በኩባንያው ውስጥ ከተዋወቀው ከኤድዋርድ ዲድስ ጋር በመተባበርም ከሥራ ሰዓት ውጭ በዲድስ ግቢ ባለ የጋጣ ቤት ውስጥ የመኪና ኤሌክትሪክ መሣሪያዎችን መሞከር ጀመረ። ከዚህ ሥራ በ1909 ዴይተን ኢንጂኒሪንግ ላቦራቶሪስ፣ በአኅጽሮት ዴልኮ የተባለው ድርጅት ተወለደ። የመጀመሪያው ታላቅ ምርቱም በባትሪና በጥቅል ሽቦ የሚሠራ የተሻሻለ የብልጭታ ሥርዓት ነበር፤ ይህንንም ካዲላክ ኩባንያ ለመኪናዎቹ ገዛው።

ሞተሪኖው

በዚያ ዘመን መኪና ማስነሣት ጉልበትም ድፍረትም የሚጠይቅ ሥራ ነበር። አሽከርካሪው ከመኪናው ፊት ቆሞ ማዞሪያውን ብረት በሞተሩ ላይ ሰክቶ በኃይል ያዞር ነበር። ብልጭታው ከጊዜው ቀድሞ ከመጣ ሞተሩ ወደ ኋላ ይመታል፤ ብረቱም የብዙ ሰዎችን አንጓና ክንድ ሰብሯል። ጉልበት የሌለው ሰው የቤንዚን መኪና ለብቻው ይዞ ለመጓዝ አይደፍርም ነበር። የካዲላክ ኃላፊ ሄንሪ ሊላንድ ይህ አደጋ እንዲወገድ ስለ ፈለገ ሥራውን ለዴልኮ ሰጠ።

ብዙ ባለሙያዎች የመኪና ሞተር ለማዞር የሚበቃ የኤሌክትሪክ ሞተር ራሱ የሞተሩን ያህል ክብደት ይኖረዋል ብለው ያምኑ ነበር። ኬተሪንግ ግን ከገንዘብ መመዝገቢያው የተማረውን አልረሳም። ማስነሻው የሚሠራው ለጥቂት ሴኮንዶች ብቻ ስለ ሆነ ትንሽ ሞተር ይበቃዋል። በፌብሩዋሪ 1911 የመጀመሪያው መሣሪያ ለካዲላክ ተሰጠ፤ በ1912 ሞዴል መኪናዎችም ላይ ተገጥሞ ለገበያ ቀረበ። ካዲላክም በዚህ ሥራ የእንግሊዝ አገሩን የዲዋር ዋንጫ ለሁለተኛ ጊዜ ተሸለመ።

በዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው ኬተሪንግ አንድ ዕቃ ብቻ ሳይሆን አንድ ሙሉ ሥርዓት ማቅረቡ ነው። ባትሪው ለማስነሻው፣ ለብልጭታውና ለመብራቱ ጅረት ይሰጣል፤ ሞተሩ ከተነሣ በኋላ ደግሞ ኤሌክትሪክ ማመንጫው ባትሪውን መልሶ ይሞላል። እያንዳንዱ ክፍል በሌላው ላይ የተመሠረተ ስለ ሆነ፣ አንዱ ሲታመም ሕመሙ የሚታየው በሌላው ላይ ሊሆን ይችላል። የመኪና ኤሌክትሪክ ብልሽት ምርመራ እንደ ሙያ የተወለደው ከዚህ ነው ለማለት ይቻላል።

ዴልኮ በ1916 ለዩናይትድ ሞተርስ ተሸጠ፤ ይህም ድርጅት በ1918 ከጄኔራል ሞተርስ ጋር ተቀላቀለ። ኬተሪንግ ከ1920 ጀምሮ የጄኔራል ሞተርስን የምርምር ክፍል እየመራ እስከ 1947 በዚሁ ሥራ ቆየ።

ጥፋቱ የማን ነው?

የዴልኮ የብልጭታ ሥርዓት በመኪናዎች ላይ ከተሠራጨ በኋላ ብርቱ ወቀሳ ተነሣበት። ሞተሮች ዳገት ሲወጡ ወይም ጭነት ሲበዛባቸው በመዶሻ እንደሚመታ ብረት ያንኳኩ፣ ጉልበታቸውም ይቀንስ ነበር። ማንኳኳቱ በሲሊንደሩ ውስጥ ያለውን የመጨመቅ መጠን ከፍ ማድረግ ስለሚከለክል፣ የተሻለ ጉልበትና የነዳጅ ቁጠባ ለማግኘት የሚደረገውን ጥረት ሁሉ አገደ። ተቺዎች ጥፋቱን በባትሪው ብልጭታ ላይ ጫኑት። ለኬተሪንግ ነገሩ የስሙም የኑሮውም ጉዳይ ነበር። ሆኖም ሥራውን በክርክር ለመከላከል ከመሞከር ይልቅ ምርመራውን መረጠ፤ በ1916ም ቶማስ ሚጅሊ ለተባለው ወጣት መሐንዲስ ጥናቱን ሰጠው።

ሚጅሊ በሲሊንደሩ ውስጥ ያለውን ግፊት ከቅጽበት ወደ ቅጽበት የሚያሳይ መሣሪያ አዘጋጅቶ ሲመለከት፣ ያልተለመደው የግፊት ጭማሪ የሚደርሰው ከብልጭታው በፊት ሳይሆን በኋላ፣ ቃጠሎው ከተጀመረ ወዲያ መሆኑን አገኘ። በአንድ ሞተርና በአንድ ብልጭታ ነዳጁ ብቻ ሲለወጥ ማንኳኳቱም ይለወጥ ነበር። እንግዲህ ጥፋቱ የብልጭታው አልነበረም። እሳቱ ገና ያልደረሰበት የመጨረሻው የነዳጅና የአየር ድብልቅ በግፊትና በሙቀት ብዛት ራሱን በራሱ ሲያቀጣጥል ነው የማንኳኳቱ ድምፅ የሚሰማው።

ከዚህ ቀጥሎ የመጣው ሙከራ በምርመራ ታሪክ ውስጥ ሊጠቀስ የሚገባው ነው። ነዳጁ ቀይ ቀለም ቢኖረው ሙቀት በተሻለ ይቀበልና በቀላሉ ይተናል የሚል ግምት ቀረበ። ተስማሚ ቀለም በእጅ ስላልነበረ በምትኩ አዮዲን ተጨመረ፤ ማንኳኳቱም ቀነሰ። ብዙ ሰው በዚህ ረክቶ ግምቱ ተረጋገጠ ብሎ ይነሣ ነበር። እነርሱ ግን ሌሎች ቀይ ቀለሞችን ሞከሩ፤ ምንም ለውጥ አልመጣም። ቀለም የሌለው የአዮዲን ውሕድ ሲጨምሩ ግን ማንኳኳቱ እንደ ገና ቀነሰ። ስለዚህ የጠቀመው ቀለሙ ሳይሆን አዮዲኑ ነበር። ትክክል የመሰለ ውጤት ከተሳሳተ ምክንያት ሊገኝ እንደሚችል፣ አንድ ምክንያት ብቻ ለይቶ ሌላውን ባለበት አቁሞ መሞከር እንደሚያስፈልግ ይህ ሙከራ አስተማረ።

እርሳሱ

አዮዲን ውድ ከመሆኑም በላይ ብረት ይበላል። ከአዮዲን በኋላ አኒሊን፣ ሴሊኒየምና ቴሉሪየም ተፈተኑ፤ የኋለኞቹ ሁለቱ ክፉ ሽታቸው ሰው የማያስጠጋ ነበር። በዲሴምበር 9 ቀን 1921 ቴትራኤቲል እርሳስ የተባለው ውሕድ ተፈትኖ፣ እጅግ ጥቂት መጠን ማንኳኳቱን ፈጽሞ ሲያጠፋው ታየ። በፌብሩዋሪ 1923 እርሳስ ያለበት ቤንዚን በዴይተን ከተማ መሸጥ ጀመረ። በ1924 ጄኔራል ሞተርስና የኒው ጀርዚው ስታንዳርድ ኦይል በጋራ የኤቲል ቤንዚን ኩባንያን ሲያቋቁሙ የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት ኬተሪንግ ሆነ።

እርሳስ መርዝ መሆኑ ከጥንት ጀምሮ የታወቀ ነው። ሚጅሊ ራሱ በ1923 መጀመሪያ ላይ በእርሳስ መመረዝ ታሞ ከሥራ ተለይቶ ነበር። በኦክቶበር 1924 ደግሞ ኒው ጀርዚ ውስጥ ቤይዌይ በተባለው ማጣሪያ፣ ውሕዱ ይዘጋጅበት በነበረው ክፍል አምስት ሠራተኞች አእምሯቸውን ስተው ሞቱ፤ ሌሎች ከሠላሳ የሚበልጡ ታመሙ። በሌሎች ሁለት ፋብሪካዎችም ሞት ደርሶ ነበር። ሕዝብ ስለ ተቆጣ ሽያጩ በሜይ 1925 ቆመ፤ በዚያው ወር 20 ቀን በዋሺንግተን ስብሰባ ተጠራ። ኬተሪንግ በስብሰባው ላይ ቀርቦ ለኢንዱስትሪው ተናገረ። የሥራ ጤና ሐኪሟ አሊስ ሃሚልተን በበኩሏ እርሳስን በየመንገዱ መዝራት እንደሚያስፈራት አስጠነቀቀች። የተሾመው ኮሚቴ በጃንዋሪ 1926 ባቀረበው ሪፖርት ቤንዚኑን ለመከልከል የሚበቃ ምክንያት እንዳላገኘ ገልጾ፣ ጥናቱ ለረጅም ጊዜ እንዲቀጥል አሳሰበ። ሽያጩም በዚያው ዓመት ተጀመረ። ከዚያ በኋላ ለአሥርተ ዓመታት አብዛኛው ጥናት የተካሄደው ኢንዱስትሪው ራሱ ገንዘብ በሚሰጠው በሲንሲናቲ ዩኒቨርሲቲ ቤተ ሙከራ ሲሆን፣ ቤተ ሙከራው የተሰየመውም በኬተሪንግ ስም ነበር።

አልኮል ማንኳኳትን እንደሚቀንስ በዚያው የምርምር ክፍል ይታወቅ ነበር። አልኮል ግን በብዛት መቀላቀል ያስፈልገው ነበር፤ እርሳሱ ግን ጥቂት ጠብታ ብቻ ይበቃው ነበርና ለንግድ አመቺ ሆነ። እዚህ ላይ የኬተሪንግ ምርመራ ቆመ። ማንኳኳቱ ለምን ይደርሳል የሚለውን ጥያቄ እስከ ሥሩ የተከተለው ሰው፣ እርሳሱ ከጭስ ማውጫው ከወጣ በኋላ ወዴት ይሄዳል የሚለውን ጥያቄ በእኩል ትጋት አልተከተለውም።

በመዳብ የሚቀዘቅዘው ሞተር

በዚያው ዘመን ሌላ ፈተና ደረሰበት። ኬተሪንግ ውሃና ራዲያተር የማይፈልግ፣ በመዳብ ክንፎች አማካይነት በአየር የሚቀዘቅዝ ሞተር ሠርቶ ነበር። በቤተ ሙከራ የተሠሩት ሞተሮች ጥሩ ውጤት ሰጡ። በ1923 በሸቭሮሌ መኪና ላይ ሲገጠም ግን ሙቀት በዛበት፣ ጉልበቱም ቀነሰ። ከተሠሩት 759 መኪናዎች ለደንበኞች የደረሱት አንድ መቶ ያህል ብቻ ሲሆኑ፣ እነርሱም እንዲመለሱ ተደረገ። የፋብሪካ ኃላፊዎች ጥፋቱ የንድፉ ነው ሲሉ፣ ኬተሪንግ ጥፋቱ የአሠራሩና የፍላጎት ማጣቱ ነው ብሎ አመነ። ሥራውን ለመልቀቅ ለአልፍሬድ ስሎን ጽፎ ቢጠይቅም ስሎን አልተቀበለውም። በአንድ ምሳሌ ናሙና ላይ የሠራ ነገር በብዙ ሺህ ሲባዛ ሌላ ባሕርይ ሊያሳይ እንደሚችል፣ መሐንዲስና ፋብሪካ ሳይተማመኑም የብልሽትን ምክንያት በትክክል ማግኘት እንደማይቻል ይህ ውድቀት ያመለክታል።

ከዚህ በኋላ የምርምር ክፍሉ ብዙ ፍሬ አፈራ። መኪና ለመቀባት ሳምንታት ይፈጅ የነበረውን ጊዜ ወደ ሰዓታት ያወረደው ፈጥኖ የሚደርቅ ቀለም ከዱፖንት ጋር በመተባበር ተገኘ። የናፍጣ ሞተርን አቅልሎ ለባቡር እንዲመች በማድረግ የተደረገው ጥናትም በተለይ ይነሣል። ሁለት ምት ያላቸው እነዚህ ሞተሮች በ1933 በቺካጎ ኤግዚቢሽን ላይ ሲሠሩ በየጊዜው እየተበላሹ ብዙ ድካም ጠይቀዋል። ቢሆንም በሜይ 26 ቀን 1934 በዚሁ ዓይነት ሞተር የተሳበው ዚፈር የተባለው ባቡር ከዴንቨር እስከ ቺካጎ ያለውን 1,015 ማይል በ13 ሰዓት ከ5 ደቂቃ ተጓዘ። ከዚያ ወዲህ የእንፋሎት ባቡር ዘመን ወደ ማብቂያው ተቃረበ።

አውቶማቲክ ካምቢዮና ትንሿ ስዊች

ኬተሪንግ የምርምሩ ኃላፊ በነበረበት ዘመን በኤርል ቶምፕሰን የተመራ ሌላ የጄኔራል ሞተርስ ቡድን ሃይድራ-ማቲክ የተባለውን አውቶማቲክ ካምቢዮ አዘጋጅቶ፣ በ1940 ሞዴል ኦልድስሞቢል መኪና ላይ ለገበያ አቀረበው። ፍሪሲዮን የሚረግጥ እግር ሲቀር አንድ አዲስ አደጋ ተፈጠረ። ካምቢዮው ማርሽ ውስጥ ሳለ ሞተሩ ቢነሣ መኪናው ባልታሰበ ጊዜ ሊንቀሳቀስ ይችላል። ስለዚህ በኬተሪንግ የማስነሻ መሥመር ላይ አንድ በረኛ ማቆም አስፈለገ። በረኛው የካምቢዮ ቦታ ስዊች ነው፤ እጀታው በማቆሚያው ፒ ወይም ማርሽ በሌለበት ኤን ካልሆነ በስተቀር ጅረት ወደ ሞተሪኖው እንዲያልፍ አይፈቅድም። በብዙ መኪናዎች ላይ በካምቢዮው ጎን፣ ማርሽ መራጩ ዘንግ በሚወጣበት ቦታ ይታሰራል። ከማስነሻው ፈቃድ ሌላ የኋሊት መብራትን ያበራል፤ እጀታው ያለበትን ቦታም ለመቆጣጠሪያው ኮምፒዩተርና ለአሽከርካሪው ሰሌዳ ይነግራል።

ይህች ትንሽ ዕቃ ስትታመም በስሟ የሚጠራት የለም። ቁልፉ ሲዞር መኪናው ዝም ሲል መጀመሪያ ባትሪው፣ ቀጥሎ ሞተሪኖው ይወቀሳል፤ ሁለቱም ተለውጠው ዝምታው ይቀጥላል። የብልጭታው ሥርዓት በማንኳኳት የተወቀሰበት ታሪክ በዚህ ይደገማል። የኬተሪንግ ዘዴ በዚህ ላይ ቢውል ምርመራው በሚከተለው ቅደም ተከተል ይሄዳል።

በመጀመሪያ የእጅ ፍሬን ተስቦ፣ ጎማዎቹም ታኮ ተደርጎላቸው፣ ምልክቱ ራሱ በጥንቃቄ ይታያል። የፊት መብራት በርቶ ቁልፉ ሲዞር መብራቱ ከደበዘዘ ጉድለቱ ከባትሪው፣ ከወፍራሙ ገመድ ወይም ከሞተሪኖው በኩል ነው። መብራቱ ሳይለወጥ ምንም ድምፅ ካልተሰማ ግን ትእዛዙ ወደ ሞተሪኖው አልደረሰም ማለት ነው። ባትሪው አርፎ ሳለ 12.6 ቮልት ያህል ሊያሳይ፣ ሞተሪኖው ሲሠራም ከ9.6 ቮልት ባይወርድ ይገባል። ቀጥሎ እጀታው ከፒ ወደ ኤን ይዛወራል። በኤን የሚነሣ፣ በፒ ግን የማይነሣ ወይም እጀታው ሲነቀነቅ ብቻ የሚነሣ መኪና ጣቱን ወደ ስዊቹ ይቀስራል። የኋሊት መብራት አለመብራቱ፣ ሰሌዳው ላይ የሚታየው ፊደልም ከእጀታው ጋር አለመስማማቱ ምስክርነቱን ያጠናክራል። በኮምፒዩተር የሚቆጣጠር መኪና ከሆነ ፒ0705 ወይም ፒ0706 የተባሉት የብልሽት ቁጥሮች ሊገኙ ይችላሉ። ቁጥሩ ግን የሚናገረው ከስዊቹ መሥመር የመጣው መልእክት ትክክል አለመሆኑን እንጂ ስዊቹ ራሱ መሞቱን አይደለም።

ስለዚህ መሥመሩ እንደ ስልክ መሥመር ምሰሶ በምሰሶ ይፈተሻል። ስዊቹ የማስነሻውን ጅረት ራሱ በሚያሳልፍበት መኪና ላይ ረዳት ቁልፉን ሲያዞር ወደ ስዊቹ የሚገባው ቮልት ይለካል። ካልገባ ጥፋቱ ከዚያ በፊት፣ በፊውዙ፣ በቁልፉ ወይም በሌባ መከላከያው ነው። ገብቶ በፒም በኤንም ካልወጣ፣ ወይም ሲወጣ በጉልህ ከቀነሰ ጥፋቱ ስዊቹ ጋ ነው። ከወጣ ደግሞ ምርመራው ወደ ሪሌውና ወደ ሞተሪኖው ይቀጥላል። ስዊቹ ቦታውን ለኮምፒዩተሩ ብቻ በሚነግርበት መኪና ላይ ግን በመመርመሪያ መሣሪያው የሚነበበው ቦታ በእያንዳንዱ ማርሽ ከእጀታው ጋር ይነጻጸራል።

ስዊቹ ጋ ተደርሶም ፍርድ አይቸኩልም። የእጀታው ገመድ ተለጥጦ ወይም ጎማው ተበልቶ ዘንጉ በፒ ቦታ ካልተቀመጠ፣ ስዊቹ የሚናገረው እውነቱን ነው። የሽቦው መሰኪያ ውሃ፣ ዝገት ወይም የካምቢዮ ዘይት ገብቶበት ሊሆን ይችላል። የማሰሪያው ብሎን ላልቶ ስዊቹ ጥቂት ዞሮም ሊሆን ይችላል፤ በዚህ ጊዜ እጀታው በኤን ሆኖ፣ ምልክቶቹ ተጋጥመው፣ ብሎኑ እንደ ገና ይጠብቃል። እነዚህ ሁሉ ደኅና ከሆኑ በኋላ መሰኪያው ተነቅሎ በየቦታው የውስጡ መገናኛ በመለኪያ ሲፈተን አሠራሩ ከመምሪያው ሥዕል ጋር ካልተስማማ፣ ያን ጊዜ ስዊቹ ይለወጣል። ከተለወጠ በኋላም መኪናው በፒና በኤን መነሣቱ ብቻ አይበቃም፤ ፍሬን ተረግጦ በአር እና በዲ እንደማይነሣ መረጋገጥ አለበት።

ከሁሉ የከፋው መፍትሔ ስዊቹን በቁራጭ ሽቦ አልፎ ቀጥታ ማገናኘት ነው። መኪናው ወዲያው ይነሣል፤ ባለቤቱም አመስግኖ ይሄዳል። ዝምታው ጠፍቷል፤ አደጋው ግን በመኪናው ፊት ወደሚቆመው፣ ምንም ወደማያውቀው ሰው ተዛውሯል። እርሳሱ ማንኳኳቱን ሲያጠፋ ያደረገው ነገር በመጠን እጅግ የገዘፈ ቢሆንም በጠባዩ ከዚህ የተለየ አልነበረም።

የመጨረሻ ዘመኑና ፍርዱ

ኬተሪንግ በ1945 ከአልፍሬድ ስሎን ጋር በኒው ዮርክ ስማቸውን የያዘውን የካንሰር ምርምር ተቋም አቋቋመ። ባለቤቱ ኦሊቭ በ1946 ዐረፈች። በ1947 ከጄኔራል ሞተርስ ጡረታ ወጥቶም ምርምሩን አልተወም፤ ዕፅዋት የፀሐይን ብርሃን እንዴት ወደ ምግብ እንደሚለውጡ ለማወቅ ገንዘቡንና ጊዜውን ሲያውል ኖረ። ኖቬምበር 25 ቀን 1958 በሰማንያ ሁለት ዓመቱ ዐረፈ። በ1998 በሚቺጋን ፍሊንት ከተማ የሚገኘው የመሐንዲሶች ማሠልጠኛ በስሙ ኬተሪንግ ዩኒቨርሲቲ ተባለ።

የተወው ጥያቄ ግን ከእርሱ በኋላም ቆየ። የመሬትን ዕድሜ ለመለካት እርሳስን ሲያጠና የነበረው ክሌር ፓተርሰን በ1965 ባወጣው ጽሑፍ፣ በሰው አካልና በአካባቢው ያለው እርሳስ ከተፈጥሮ መጠን እጅግ የላቀ መሆኑን አሳየ። በአሜሪካ እርሳስ ያለበት ቤንዚን ከ1970ዎቹ ጀምሮ እየተቀነሰ ሄዶ ከጃንዋሪ 1996 ጀምሮ ለመንገድ መኪናዎች ተከለከለ። ከሰሐራ በታች ያሉ የአፍሪካ አገሮች በ2001 በዳካር በተደረሰው ስምምነት መሠረት እስከ 2006 መግቢያ ድረስ ተዉት። በመጨረሻም አልጄሪያ በ2021 ሽያጩን ስታቆም ለመኪና የሚሸጥ እርሳስ ያለበት ቤንዚን በዓለም ላይ አበቃ። ከመጀመሪያው ሽያጭ እስከ መጨረሻው ዘጠና ስምንት ዓመት አለፈ፤ በእነዚህ ዓመታት ብዙ ሕፃናት ከየመንገዱ አየርና አፈር በወሰዱት እርሳስ በአእምሮ ዕድገታቸው ላይ ጉዳት ደርሶባቸዋል።

በዚህ ምክንያት የኬተሪንግን ስም መፋቅ ለሙያው አይጠቅምም፤ ስሕተቱን ሸፍኖ ማወደስም እንዲሁ። አንጓ የሚሰብረውን ብረት ከመኪና ፊት ያስወገደው፣ ማንኳኳቱንም ከሥሩ የመረመረው አንድ ሰው ነው፤ መርዙን በመንገድ ላይ እንዲዘራ የተከራከረውም እርሱው ነው። ከሕይወቱ የሚወሰደው ትምህርት ለመሐንዲስም ለመካኒክም አንድ ነው። ምልክቱ ሲጠፋ የምርመራው ግማሽ ብቻ አልቋል፤ ቀሪው ግማሽ፣ ምልክቱን ያጠፋው መፍትሔ በማን ላይ ምን እንደሚያመጣ እስኪታወቅ ድረስ መከታተል ነው። ይህንንም ማድረግ ያለበት መፍትሔውን ያገኘው ባለሙያ ራሱ ነው፤ ሌላው ሰው የሚያየው መኪናው መነሣቱን ብቻ ነውና።